ንረቱ ቀንሶ ዋጋው ለምን አልቀነሰም? ሒሳብና ኢኮኖሚክስ ከቅዳሜ ገበያ ሲታዩ

ሰሞኑን ከእናቴ ጋር ጤፍ ለመግዛት ቅዳሜ ገበያ ሄደን ነበር። የተሳፈርንበት ባጃጅ ሬዲዮ ከፍቷል። ዜናው የዋጋ ንረት መቀነሱን ይናገራል። እናቴ ሰምታ ዝም አለች። እህል ተራ ደርሰን ነጋዴው የኩንታሉን ዋጋ ሲነግራት ግን ወደ እኔ ዞረች። «ቀነሰ ሲሉ አልነበር? እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ፤ የቀነሰው የቱ ነው?»

ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። እዚያ ጆንያው መሀል ቆሜ ግን ባጭሩ የምነግራት ነገር አጣሁ። ቤት ገብተን ቡናው እስኪፈላ ድረስ በወረቀት አስረዳኋት። ይህን የምጽፈው ያን ወረቀት ይዤ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። ጎንደር ውስጥ በየቤቱ ይጠየቃል።

ዋጋና የዋጋ ንረት ሁለት ነገር ናቸው። ዋጋ ማለት ዛሬ ከቦርሳ የሚወጣው ብር ነው። ንረት ማለት ደግሞ ዋጋው ሽቅብ የሚሄድበት ፍጥነት ነው። ለምሳሌ አንድ ኩንታል ጤፍ ካቻምና 10,000 ብር ነበር እንበል። አምና 13,000 ገባ፤ ጭማሪው 30 በመቶ ነው። ዘንድሮ 14,950 ሆነ፤ ጭማሪው 15 በመቶ ነው። ንረቱ በግማሽ ቀነሰ። ዜናው አልዋሸም። እናቴ ግን ካምናው 1,950 ብር፣ ከካቻምናው ደግሞ 4,950 ብር ጨምራ ነው የምትከፍለው። እሷም አልተሳሳተችም። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን የሚወጣ ባጃጅ ፍጥነቱን ቢቀንስ ወደ ኋላ ተመለሰ አይባልም። አሁንም እየወጣ ነው። ዋጋ እንዲወርድ ንረቱ ከዜሮ በታች መግባት አለበት።

የሒሳብ ሰዎች ይህን የፍጥነት ነገር «ዴሪቬቲቭ» ይሉታል። ተማሪ ሳለሁ ስንት ገጽ ዴሪቬቲቭ ሠርቻለሁ። አንዱም ስለ ጤፍ አልነበረም። ቀመሩን እናውቃለን፤ ቀመሩ ስለ ምን እንደሚያወራ ግን ማንም አልነገረንም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። አገሩ ሁሉ በየወሩ የሚጨቃጨቅበት ጉዳይ በዚያ አንድ ሐሳብ ውስጥ ነበር።

ሌላም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ። ያን ሰሞን አንዱ «30 በመቶ ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ 23 በመቶ ነው» ይላል። ቡና ቤት ውስጥ ሰው ሲጣላበት አይቻለሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ከ57 ተነስቶ ወደ 74 የሄደ ሰው ዶላር 30 በመቶ ተወደደ ይላል። ከ74 ወደ 57 ዞሮ ያየ ደግሞ ብር 23 በመቶ ረከሰ ይላል። መነሻው ተለያየ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በዚያው አንድ ዓመት ውስጥ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ያኔ ክርክሩ በራሱ ጊዜ ቆመ።

ሒሳብ ለኢኮኖሚክስ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ እምነት፣ ይሄ ነው። ከምን ተነስተህ ነው የምታወራው ብሎ ይጠይቃል። በቃል ሲወራ መነሻን መደበቅ ይቻላል። በቁጥር ሲጻፍ ግን መነሻው ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ያየዋል። ስለዚህ «ኢኮኖሚክስ ሒሳብ በዛበት» የሚሉ ሰዎች ግማሹን ልክ ናቸው፤ ግማሹን ግን አልስማማም።

በአማርኛ «ሒሳብ» ስንል ትምህርቱንም፣ ምግብ ቤት በልተን የምንከፍለውንም፣ ባንክ ያለንንም ነው። ቃሉ ራሱ ከኑሮ አልተለየም። እቁብን እንውሰድ። 12 ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ይጥላሉ። ዕጣ የወጣለት 60,000 ብር ያነሳል። ላይ ላዩን ሲታይ ሁሉም እኩል ነው፤ 60,000 ጥሎ 60,000 ይወስዳል። ዋጋ በየወሩ 2 በመቶ ቢጨምር ግን፣ የመጨረሻው ባለዕጣ ከ11 ወር በኋላ የሚያነሳው ብር በመጀመሪያው ወር ዋጋ 48,000 ገደማ የሚገዛውን ያህል ብቻ ነው የሚገዛው። 12,000 ብሩን ማንም አልሰረቀውም። ጊዜ በላው። እቁብተኛ ይህን ያውቃል። ዕጣ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። የቸኮለ ሰው ቀድሞ ከወጣለት ሰው ዕጣውን በጭማሪ ይገዛል። ያ ጭማሪ ወለድ ነው፤ በስሙ ባንጠራውም።

ቅቤ ተራ

እናቴ ቅቤ ከማታውቀው ሰው አትገዛም። ታሸታለች፣ በጣቷ ታሻለች፣ በመጨረሻ ግን ሁልጊዜ ወደ ደንበኛዋ ትሄዳለች። በልጅነቴ ይህ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ አንድ የኢኮኖሚክስ ጥናት ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ።

አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ በፊት ሦስት መጽሔቶች መልሰውበታል። የጽሑፉ ጥያቄ ቀላል ነው። ሻጩ የዕቃውን ልክ ቢያውቅና ገዢው ባያውቅ ገበያው ምን ይሆናል?

መኪናውን ትተን ወደ ቅቤ እናምጣው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። ንጹሑ ቅቤ ለገዢው በኪሎ 1,000 ብር ያወጣል፤ ባዕድ ነገር የገባበት 400 ብር። ገበያ ላይ ግማሹ ንጹሕ፣ ግማሹ የተበረዘ ነው። ገዢው በዓይኑ መለየት አይችልም። ስለዚህ ሁለቱን አማክሎ 700 ብር ቢከፍል ነው። ንጹሑን ያመጣችው ሴት ግን ከ800 በታች አያዋጣትም። ቅቤዋን ይዛ ትመለሳለች። አሁን ገበያው ላይ የቀረው የተበረዘው ብቻ ነው። ገዢውም ይህን ሲረዳ 400 ብቻ ይከፍላል። መልካሙ ዕቃ በመጥፎው ተገፍቶ ወጣ።

እዚህ ላይ ከመደመርና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ የለም። ያም ሆኖ ያለ ሒሳቡ ነገሩ በግልጽ አይታይም ነበር። ሁላችንም «ነጋዴ ከፋ፣ ዘመኑ ከፋ» ብለን እናልፈው ነበር። ስሌቱ የሚያሳየው ሌላ ነው። ማንም ከወትሮው ባይከፋ እንኳ፣ መለየት ስላልተቻለ ብቻ ገበያው ይበላሻል። መፍትሔውም ከዚያው ይመጣል። ደንበኛ መያዝ ማለት መለየት ለማይችል ገዢ የቆመ ዋስትና ነው። ሻጯ ዛሬ ብታታልል የነገዋን ገዢ ታጣለች። እናቴ ለደንበኛዋ የምትጨምረው ጥቂት ብር የዚያ ዋስትና ዋጋ ነው። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማቱን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተካፈለ።

እንዲህ ዓይነቱ ሒሳብ ነው እኔን የሚማርከኝ። ትንሽ ነው፣ ግን የሚያውቁትን ገበያ እንደገና ያሳያል።

ጨረቃ አትሰማም፣ ገበያ ይሰማል

ጎንደር ለረቀቀ ስሌት እንግዳ አይደለችም። በአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብ፣ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ተከትሎ የበዓላትን ቀን የሚያወጣው ስሌት፣ ስንት ዘመን ሲሰላ ኖሯል። የ2018 ዓ.ም.ን እንሞክረው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ 132፤ በሠላሳ በሠላሳ ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ ይሄ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ተባዝቶ 228፤ ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ ይሄ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁሌም 30 ናቸው። ሊቁ የተሳሳተ እንደሆነ እዚያው ያውቀዋል። ከዚህ ተነስቶ አጽዋማቱና በዓላቱ ይወጣሉ። የ2018 ፋሲካ የሚውለው ሚያዝያ 4 ቀን ነው።

ይህ ስሌት አይስትም፤ የዛሬ መቶ ዓመትንም ፋሲካ ይናገራል። ታዲያ ኢኮኖሚስት የሚቀጥለውን ወር የጤፍ ዋጋ ለምን እንዲህ አድርጎ አይናገርም? ሒሳቡ አንሶት አይደለም። ኢኮኖሚክስ ውስጥ ያለው ሒሳብ ከባሕረ ሐሳብ ብዙ ይወሳሰባል። ልዩነቱ የሚሰላው ነገር ላይ ነው። ጨረቃ ስሌቱን አትሰማም። ገበያ ግን ይሰማል። «በሚቀጥለው ወር ጤፍ ይወደዳል» የሚል ትንበያ ቢነገር ነጋዴው ዛሬ መጋዘኑን ይዘጋል፣ ገዢውም ዛሬ አንድ ኩንታል ይጨምራል። ጤፍ ወሩን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይወደዳል። ትንበያው ራሱ የሚተነብየውን ነገር ለወጠው።

ሮበርት ሉካስ የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1976 ይህንኑ በመንግሥት ፖሊሲ ላይ አነሳ። ካለፈው ዘመን መረጃ የተገኘ ቀመር ፖሊሲው ሲለወጥ ላይሠራ ይችላል፤ ሰዎች ፖሊሲውን አይተው አካሄዳቸውን ይለውጣሉና። ያለፉት አሥር ዓመታት መረጃ የሚናገረው ሰው ያኔ በነበረው ሕግ እንዴት እንደኖረ ነው። የምንዛሪው ሥርዓት ከሐምሌ 2016 በፊትና በኋላ አንድ አይደለም። የድሮውን ቀመር ይዞ አዲሱን ጊዜ መለካት ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሌላ ችግርም አለ። አንድ ነገር ቀመሩ ውስጥ ስላልገባ ብቻ የለም ማለት አይደለም። ገንዘብ በዝቶ ዋጋ ናረ የሚለው ሐሳብ በቀመር ሲጻፍ ያምራል። የገንዘቡ መጠን በሚዘዋወርበት ፍጥነት ሲባዛ፣ ከዋጋና ከምርት ብዜት ጋር እኩል ይሆናል። ብሔራዊ ባንክም ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የፖሊሲ ወለድ ተመን (የሌሎች ባንኮች ወለድ የሚከተለው መነሻ) 15 በመቶ ብሎ የተነሳው ብድርና ገንዘብ ዋጋን ይነካሉ በሚል ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። እዚህ ግን ሌላም አለ። እህል የሚመረትበት ደምቢያ ከጎንደር ሩቅ አይደለም፤ በደህና ጊዜ የሁለቱ የእህል ዋጋ ልዩነት የመጓጓዣና የጉልበት ወጪ ነው። መንገድ ሲዘጋ ልዩነቱ ይለጠጣል። ገበሬው ገዢ አጥቶ ዋጋ ይወርድበታል፤ ከተማ ያለው እህል አጥቶ ዋጋ ይወጣበታል። የሁለቱ አማካይ ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ ሁለቱም ግን ተጎድተዋል። የወለድ ተመን የተዘጋ መንገድ አይከፍትም። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል የኖረ ሰው ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

አማካይ የሚደብቀው

አማካይ የሚለው ቃል ላይ ልቆይ፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ጋ ስለሆነ። የዋጋ ንረት የሚለካው በአንድ ቅርጫት ነው። ቤተሰቦች የሚገዙት ነገር ይዘረዘራል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ክብደት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ዋጋው በየወሩ ይታያል። ዘዴው ከጀርመናዊው ኢኮኖሚስት ላስፔይረስ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1871 ነበር ያቀረበው። በእኛ አገር ቅርጫት ምግብ ከግማሽ በላይ ክብደት አለው።

ክብደቱ የማን ነው? ሁለት ቤት እናስብ። በአንዱ ቤት አባወራው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከሚያገኘው 70 በመቶው ምግብ ላይ ያልቃል። በሌላው ቤት ሁለት ደመወዝተኞች አሉ፤ ለምግብ የሚያወጡት 40 በመቶ ነው። ምግብ በ25 በመቶ፣ ሌላው ሁሉ በ10 በመቶ ቢጨምር የመጀመሪያው ቤት ንረት 20.5 በመቶ ነው። የሁለተኛው 16 በመቶ ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወር፣ ከአንድ ገበያ እየገዙ። ዜናው የሚናገረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ብዙ ብር የሚያወጣ ቤተሰብ ደግሞ አገራዊው ክብደት ሲሰላ ብዙ ድምፅ አለው፤ የሚደመረው ብር ነዋ። ስለዚህ አማካዩ ወደ ባለ ገንዘቡ ቤት ያዘነብላል። ይሄ የማንም ተንኮል አይደለም፤ የስሌቱ ጠባይ ነው። ግን ሊነገር ይገባል።

ከዚህ የከፋውን ወሎ አይቶታል። የ1965 ዓ.ም. ረሃብን ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን መረመረው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ። እንደ አገር ሲታይ የዚያ ዓመት የምግብ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር። ደሴ ላይም የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም። እንዲያውም እህል ከወሎ እየወጣ ወደ ሌላ ከተማ ይሄድ ነበር። ታዲያ ሰው ለምን አለቀ? መግዣ ስላጣ ነው። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር እጁ ላይ የሚለውጠው አልነበረውም። ሴን በሒሳብ የረቀቀ ሰው ነው፤ ነገር ግን የአገሪቱን ጠቅላላ እህል ለሕዝቡ ቁጥር አካፍሎ አልተወም። ማን ምን ይዞ ገበያ ይወጣል ብሎ ጠየቀ። ያንኑም በሒሳብ አስቀመጠው። ይህን ጥናት ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይከብዳል። በነፍስ ወከፍ ቢሰላ እህሉ ነበረ።

ሒሳቡ ከየት መጣ?

ሒሳብን ወደ ኢኮኖሚክስ ያስገቡትን ሰዎች ታሪክ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፈረንሳዊው ኩርኖ እ.ኤ.አ. በ1838 የፍላጎትን ነገር በቀመር ጻፈ፤ በጊዜው ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር። ዋልራስ ከ1874 ጀምሮ ገበያዎች ሁሉ እርስ በርስ የተያያዙበትን ሥርዓት በእኩልታዎች አስቀመጠ። ሳሙኤልሰን በ1947 ሒሳብን የትምህርቱ ዋና ቋንቋ አደረገው። አሮውና ደብሩ በ1954 ሁሉም ገበያዎች በአንድ ጊዜ ሚዛን የሚይዙበት የዋጋ ስብስብ እንዳለ አረጋገጡ። ይህን ማረጋገጫ ገበያ ሁልጊዜ ትክክል ነው ለማለት የሚጠቅሱት አሉ። እኔ የተገላቢጦሽ ነው የማነበው። ያ ሚዛን መኖሩ እንዲረጋገጥ ስንት ነገር መሟላት እንዳለበት ያየ ሰው፣ እውነተኛው ገበያ ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ ይረዳል። ይህንንም ያሳየን ሒሳቡ ነው።

ከሁሉም ግን እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1906 ባውሊ ለተባለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የጻፈውን ደብዳቤ እወደዋለሁ። ማርሻል በሒሳብ ካምብሪጅ ሁለተኛ ወጥቶ የተመረቀ ሰው ነው። ምክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሒሳብን እንደ አጭር ጽሕፈት ተጠቀምበት። ስትጨርስ ወደ ቋንቋህ መልሰው። ከኑሮ ምሳሌ አምጣለት። ከዚያ ሒሳቡን አቃጥለው። ምሳሌ ካጣህለት ደግሞ በቋንቋ የጻፍከውንም አቃጥል።

ማቃጠሉ ላይ አልስማማም። ሒሳቡ ይቀመጥ፤ ሌላ ሰው ይፈትሸው። ወደ ቋንቋህ መልሰው የሚለው ግን ለእኛ የተጻፈ ይመስለኛል። ተማሪዎቻችን ላግራንዥን የሚባለውን የሒሳብ ዘዴ ይሠራሉ፤ መልሱ ትክክል ይወጣል። «ይህ ቁጥር ምን ይላል? ለሰፈርህ ሰው ንገረው» ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። በእንግሊዝኛ ተምረውት በአማርኛ የሚያወሩበት አጋጣሚ ስላላገኙ ነው። አማርኛው አንሶ አይደለም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ኢኮኖሚክስን በአማርኛ ጽፏል፤ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመ ሥራው። ጥሬ ዕቃ ልኮ የተሠራ ዕቃ የሚያስመጣ አገር ብዙ ድካሙን በጥቂት እንደሚለውጥ ያለ አንድ እኩልታ አስረድቷል። ቁጥር ቢጨመርበት ይጠነክር ነበር። ሐሳቡ ግን ቆሟል።

ከዚያ የጤፍ ቀን ወዲህ እናቴ ደብተር ይዛለች። የእህቴ ልጅ ጀምሮ የተወው ነው፤ የፊት ገጾቹ ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ አለ። ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ከሰል፣ የባጃጅ እያለች ትጽፋለች። በሁለተኛው ወር ማብቂያ ቁጭ ብለን ደመርነው። ጠቅላላ ወጪዋ ከመጀመሪያው ወር ብዙም አልበለጠም። እኔ ገረመኝና ድጋሚ ደመርኩት። ያው ነው።

«ቅቤ የለም እኮ እዚህ ላይ» አለችኝ ገጹን እያሳየችኝ። ጾም አልነበረም። «ተወድዶብኝ ተውኩት። ያልገዛሁትን የት ነው የምትጽፈው ልጄ?»

የላስፔይረስ ዘዴ የድሮውን ቅርጫት ስለሚይዝ ቅቤውን እንደተገዛ ይቆጥረዋል፤ ንረቱን ከፍ ያደርገዋል። ፓሸ የተባለው ሌላው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1874 ያመጣው ዘዴ ደግሞ የዛሬውን ቅርጫት ይዞ ወደ ኋላ ያያል። በእሱ ቢሰላ ቅቤው ጭራሽ አይገባም፤ ኑሮው ያልከበደ ይመስላል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «የፊተኛው ይሻላል» አለች። ቀጥላም በሦስተኛው ወር ገጽ ላይ በማስመሪያ አንድ ረድፍ አሰመረች። ከላዩ «የተተወ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ቅቤ አለ። ከቅቤ ቀጥሎ የእሑድ ሥጋ።